ድንቡሼን ላዳነችልን የእንስሳት ሐኪም፡ ምስጋናም ጥቆማም

ሰላም ለናንተ ይሁን ወገኖቼ። ይሄን ልጽፍ ካሰብኩ ወር አልፎኛል፣ ማታ ማታ ስልኬን አንስቼ እጀምርና እንቅልፍ ይወስደኛል። ዛሬ ልጄ "እማ ለዶክተሯ ጻፍሽላት?" ብሎ ለሦስተኛ ጊዜ ሲጠይቀኝ አፈርኩ፣ ቁጭ ብዬ ልጨርሰው።

ቀድሜ ግልጽ ላድርግ፣ ማስታወቂያ አይደለም፣ ማንም አልከፈለኝም። እንዲያውም ልጽፍ ነው ስላት "ስሜን ብቻ እንዳትጠሪ" ነው ያለችኝ። ስልኳን ለጠየቀኝ ሰው እንድሰጥ ግን ፈቅዳልኛለች።

ነገሩ ስለ ቡችላ ነው። ቤት ውስጥ መሽናት ትታ የነበረች ቡችላ ድንገት ተመልሳ ስትጀምር ምን እንደሚደረግ ማንም ሳይነግረኝ ስንት ቀን እንዳለቀስኩ እኔና እግዚአብሔር ነን የምናውቀው። "ለውሻ ይሄ ሁሉ?" የምትሉ ትኖራላችሁ፣ እማዬም ብላለች። ውሻ ግቢ ነው የሚያድረው፣ ጠበል የሚረጭበት ቤት ውስጥ ምን ይሠራል ብላ ሁለት ሳምንት ቤቴ አልመጣችም። ግቢ ቢኖረኝ እኮ ግቢ አሳድራት ነበር፣ የምኖረው ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው።

ድንቡሼን ያመጣት ወንድሜ ነው፣ ግንቦት መጨረሻ ላይ፣ በዘይት ካርቶን፣ ገና ሁለት ወሯ ነበር። የልጄ አባት ለሥራ ዱባይ ከሄደ ወዲህ ልጁ ዝም ብሎብኝ ነበር፣ ከትምህርት ቤት ይመጣል፣ ይበላል፣ ይተኛል፣ በቃ። ያን ቀን ካርቶኑን ከፍቶ ያቺን ሆዷ ድንቡል ያለ ቡናማ ነገር ሲያያት የሳቀውን ሳቅ ከሰማሁ ዓመት አልፎኝ ነበር። ስሟንም እሱ ነው ያወጣላት።

መጀመሪያ ጥሩ ነበር የሄደው። ክትባቷ እስኪያልቅ ሰፈር ውስጥ ያሉት ውሾች የሚሄዱበት መሬት ላይ አታስቀምጧት ተባልን፣ በሽታ እንዳይዛት፣ ስለዚ በረንዳ ላይ ጋዜጣ አነጠፍንላትና ለመደች። ክትባቱ ሲያልቅ ልጄ ከብሎኩ ጀርባ ያለችው ሣር ላይ ያወርዳት ጀመር። ሦስት ሳምንት ሙሉ ቤት ውስጥ አንዲት ጠብታ የለም! ጎረቤት ቡና ሊጠጣ ሲመጣ እመካባት ነበር።

ከዛ ነሐሴ ገባ። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ፍሪጁ ሥር ሸንታለች። ዝናቡ ነው፣ መውረድ ጠልታ ነው ብዬ ወለወልኩት። በነጋታው ምንጣፉ ላይ። ከዛ የልጄ ቦርሳ ላይ፣ ከዛ አልጋዬ ላይ፣ በቀን ስድስት ሰባት ጊዜ። ታች አውርደናት ስንመለስ ገና በሩን ሳንዘጋ ታደርገዋለች። በበረኪና አጠብኩ፣ በኦሞ አጠብኩ፣ ጎረቤት በርበሬ በትኚበት ብላኝ በተንኩ፣ ቤቱ ውስጥ እኛው ስንነጥስ ዋልን፣ እሷ እዛው ቦታ ላይ ትመለሳለች። የታችኛው ፎቅ ሰዎች ሽታ መጣብን ብለው ለኮሚቴ ተናገሩ።

አሁን መራራው ክፍል። አንድ አሰልጣኝ ነኝ የሚል ሰው ጠራሁ፣ ለወር 6,000 ብር ቅድሚያ ከፈልኩ። የመጣው ሦስት ቀን ነው። ሲያያት "ይቺ ታውቃለች፣ እልኸኛ ናት፣ ንቃሻለች" አለኝ። አፍንጫዋን ሽንቷ ላይ እያስነካሽ በተጠቀለለ ጋዜጣ ምቻት አለኝ። አደረግኩት። ይሄን ስጽፍ እጄ ይንቀጠቀጣል ግን እውነቱን ልናገር፣ አደረግኩት፣ ከአንድ ሳምንት በላይ። ልጄ በር ዘግቶ ጆሮውን ይይዝ ነበር። እሷም መሽናቷን አላቆመችም፣ የባሰው ነገር ከሶፋ ጀርባ፣ ከመጋረጃ ሥር እየተደበቀች ማድረግ ጀመረች፣ ስገባ ደግሞ ገና ፊቴን ስታይ ከቆመችበት ይፈስሳል። ሰውዬው በአራተኛው ቀን ስልኩን ዘጋ።

ከዛ አንድ ክሊኒክ ወሰድኳት። እዛ ያለው ሰው ሳይነካት፣ እውነቴን ነው ጫፏን ሳይነካት፣ ሁለት ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ "ቡችላ አይደለች፣ ትለምዳለች" ብሎ 1,200 ብር የሚሸጥ የሚረጭ ነገር ሰጠኝ። ምንም ለውጥ የለም ብዬ ስመለስ ደግሞ "ስጪያትና ወንድ ውሰጂ፣ ሴት አስቸጋሪ ናት" አለኝ። የቤተሰብ አባል እኮ ነች፣ እንደ ጫማ ቁጥር ቀይሪ ይባላል እንዴ?

እኔም ተስፋ ቆረጥኩ። ሱሉልታ ግቢ ያለው ሰው ተገኘ፣ እሁድ ሊወስዳት ተስማማን። ለልጄ ስነግረው አላለቀሰም፣ እራቱን ብቻ ገፋ አደረገውና ወደ ክፍሉ ገባ። ያ ዝምታው ተመልሶ መጣ።

ሐሙስ ዕለት ሥራ ቦታ ለአንዷ ባልደረባዬ ሳወራት "ቆይ፣ የኛን ውሻ የምታክም ልጅ አለች፣ ከመስጠትሽ በፊት ደውይላት" አለችኝ። ደወልኩ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ነበር። ስለ ካርድ ምናምን ሳትጠይቀኝ "አሁን ይዘሻት መምጣት ትችያለሽ?" አለች። ሁለት ራይድ ውሻ አልጭንም ብለው ሄዱ፣ ሦስተኛው ሽማግሌ ነበሩ፣ "ግዴለም ልጄ ብርድ ልብስ አንጥፊላት" አሉኝ፣ እሳቸውንም እግዜር ይስጥልኝ።

ደረስን። ትንሽ ቤት ናት፣ ከሲኤምሲ ብዙም አትርቅም፣ በፊቷ ሣር ያለባት ጠባብ ግቢ አላት። ዶክተሯ ወጣት ናት፣ ደብረ ዘይት ነው የእንስሳት ሕክምና የተማረችው። ድንቡሼን ጠረጴዛ ላይ አላወጣቻትም፣ ራሷ መሬት ላይ ተቀመጠች። ከዛ ጠየቀችኝ። መቼ ጀመራት? ስትሸና ብዙ ነው ወይስ ጠብ ጠብ? ሸንታ ስትጨርስ እንደገና ትቀመጣለች? ራሷን ትልሳለች ወይ? ወገኖቼ፣ ይሄን ሁሉ ገንዘብ አውጥቼ "መቼ ጀመራት" ብሎ የጠየቀኝ ሰው እሷ የመጀመሪያዋ ናት። ስመልስላት እኔም ገባኝ፣ ጠብ ጠብ ነበረ፣ ትልስ ነበረ፣ ዓይኔ እያየ አላየሁትም።

ሽንቷ ይመርመር አለች። ግን ድንቡሼ እኛ ፊት አትሸናም፣ ግቢው ውስጥ ብናዞራት ብናዞራት ትይዘዋለች። ዶክተሯ ቀስ ብላ "ተመትታለች እንዴ?" አለችኝ። አልዋሸኋትም። አልተቆጣችኝም። "የተመታች ቡችላ የሚገባት ቤት ውስጥ መሽናት መጥፎ ነው የሚለው አይደለም፣ ሰው እያየ መሽናት አደገኛ ነው የሚለው ነው፣ ለዚህ ነው የምትደበቀው፣ ለዚህ ነው ውጪም ስታወርዷት የማታደርገው" አለችኝ። ከፊቴም ስትቆም የሚፈስሳት ፍርሃት እንጂ ንቀት አይደለም አለች። ስቅጥጥ አለኝ።

ከዛ ምን እንዳደረገች ልንገራችሁ፣ ይሄን ነው ከምንም በላይ መጻፍ የፈለግኩት። ሰዓቱ አሥራ አንድ ተኩል አልፏል፣ መዝጊያዋ ነው፣ ጥበቃው ቁልፍ ይዘው ቆመዋል። እኔንና ልጄን ውስጥ አስገባችንና እሷ ማሰሪያውን ለቀቅ አድርጋ፣ አንዲት ትንሽ የፕላስቲክ ሳህን ይዛ ሣሩ ላይ ቁጢጥ አለች። ዝናቡ ገና ማቆሙ ነው፣ ነጭ ጋዋኗ ጫፉ ጭቃ ነክቷል። ድንቡሼን አታያትም፣ ፊቷን አዙራ ሌላ ሌላ ነገር ታያለች። አርባ ደቂቃ! በመስኮት ሆነን እናያታለን፣ ልጄ ትንፋሹን ይዞ። በመጨረሻ ድንቡሼ አሽትታ አሽትታ ቁጭ ስትል ሳህኗን ሳትቸኩል ከሥሯ ሸርተት አደረገችና "ጎበዝ የኔ ልጅ" አለቻት፣ እንደ ሹክሹክታ። የድንቡሼ ጭራ ተወዛወዘ። ከስንት ቀን በኋላ።

ሽንቱ ደፍርሶ ወደ ሮዝ የሚያደላ ነበር። ማይክሮስኮፑ ላይ ያየችውን ብዙ አስረዳችኝ፣ ግማሹ አልገባኝም፣ የገባኝ ኢንፌክሽን እንደሆነ ነው። ከዛ ለኔ ሳይሆን ለልጄ ዞራ ምን አለችው፣ "ማሙሽ፣ እልኸኛ አይደለችም እሺ? ያቃጥላታል። ልያዘው ብትል እንኳን አትችልም።"

እዛው አለቀስኩ። ልጅ ሆኜ ፍራሽ ላይ እሸና ነበር፣ እስከ ስምንት ዓመቴ። ፍራሹ ጠዋት ደጅ ላይ ይሰጣል፣ መንገደኛ ሁሉ ያየዋል፣ የሰፈር ልጆች ስሜን ቀይረውት ነበር። እልኸኛ ናት፣ ሰነፍ ናት፣ ስንት ተባልኩ። ማንም ያማታል ወይ ብሎ አልጠየቀም። ያን ያየሁ ሰው ነኝ ይቺን ሚስኪን አፍንጫዋን ሽንት ላይ ያስነካሁት። ዶክተሯ ሶፍት አቀበለችኝና ምንም ሳትል ዝም ብላ አጠገቤ ቆመች።

የከፈልኩት የምርመራውንና የመድኃኒቱን ብቻ ነው። ላመሸችበት ልጨምርልሽ ብዬ በቴሌብር ብልክላት መልሳ ላከችው።

መድኃኒቱ የአሥር ቀን ነበር፣ ደህና ሆነች ብላችሁ እንዳታቋርጡ ብላ አስጠነቀቀችን፣ እውነትም በአራተኛው ቀን ጠብ ጠቡ ቆመ። ሲያልቅ ሽንቷን ድጋሚ አየችው። ግን በሽታው ስለዳነ ብቻ ልማዱ አይመለስም አለችኝ፣ ዛሬ ቤታችሁ የገባች አስመስላችሁ ከመጀመሪያው ጀምሩ፣ ማፈር የለም አለች። ስትነቃ፣ ስትበላ፣ ተጫውታ ስታበቃ ወዲያው ወደ ውጪ፣ በመሃል ደግሞ በየሁለት ሰዓቱ፣ ሸንታ እንደጨረሰች እዛው ሣሩ ላይ ጎበዝ ብሎ ትንሽ ቁራሽ ነገር መስጠት፣ ፎቅ ከወጣች በኋላ አይደለም፣ ለምን እንደተሸለመች ስለማይገባት። ማንም በማያያት ሰዓት ቤቱን ሁሉ እንዳትዞር። ቤት ውስጥ ካመለጣት ዝም ብሎ መጥረግ፣ ጩኸት የለም። ለሽታውም በረኪናውን ተይው አለችኝ፣ በውሃና በላርጎ ካጠብኩ በኋላ አቼቶ በእኩል ውሃ በጥብጬ እንዳብስበት ነው የነገረችኝ። በረኪናና አቼቶ ደግሞ አንድ ላይ እንዳትቀላቅሉ፣ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል፣ ይሄን ለሁላችሁም ነው የምለው።

ልጄ ደብተር አዘጋጀ። መስመር አስምሮ "የነቃችበት፣ የበላችበት፣ የሸናችበት" ብሎ ሰዓት በሰዓት ይጽፋል፣ ያመለጣትን በቀይ። መጀመሪያው ሳምንት ቀይ በቀይ ነበር፣ ሁለተኛው ሳምንት አራት፣ ሦስተኛው አንድ። ማታ ማታ ደብተሩን ይዞ መጥቶ ያስረዳኛል፣ ያወራል፣ ያ ዝም ያለው ልጅ! ሱሉልታ ላለው ሰው ደውዬ ይቅርታ ጠየቅኩት።

እንደገና ደግሞ ተበላሸ። መስቀል መጣ፣ የደመራው ዕለት ማታ ሰፈሩ ሁሉ ርችት በርችት ሆነ፣ ድንቡሼ አልጋ ሥር ገብታ ሸናች፣ በነጋታውም በሦስተኛውም ቀን ደረጃውን አልወርድም አለች። እኔ "አለቀልን" ብዬ ሌሊት ለዶክተሯ መልእክት ጻፍኩ፣ ጠዋት አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ራሷ ደወለች። "ፈርታ ነው፣ አላበላሻችሁም፣ ሁለት ቀን አቅፋችሁ አውርዷት፣ ሰው ጫጫታ በሌለበት ሰዓት" አለች። አምስት ቀን ፈጀ እንጂ ተመለሰች። እስከ ዛሬ የደብተሩ ቀይ መስመር እዛ ላይ ነው የቆመው።

እማዬም ታረቀች። ባለፈው ቅዳሜ መጥታ ቡና ስናፈላ ድንቡሼ በሩ ጋ ሄዳ ቁጭ ብላ ስታለቅስ "ምን ሆና ነው?" አለች፣ "ልትወርድ ነው የምትለምነው" ስላት ነጠላዋን አደግድጋ ራሷ ይዛት ወረደች።

እና ወገኖቼ፣ ቡችላ ያላችሁ፣ ለምዳ ነበር ድንገት ተበላሸች የምትሉ፣ ከመምታታችሁ በፊት፣ ለሰው ከመስጠታችሁ በፊት፣ እባካችሁ መጀመሪያ አስመርምሯት፣ ይቺ ዶክተር ጋ ውሰዷት። ከሩቅም ቢሆን ውሰዷት፣ ራይድ ቢከፈልባትም ይከፈል። የምታክመው እንስሳውን ብቻ አይደለም፣ ይዞ የመጣውንም ሰው ነው። ዶክተርዬ፣ ይሄን ካነበብሽው እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ፣ የእጅሽን ሥራ ይባርክልሽ፣ ልጄን መልሰሽልኛል።

ስልኳን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ሥራ ላይ ካልሆንኩ ወዲያው እመልሳለሁ። እሁድ ዝግ ናት፣ ቅዳሜ እስከ ስድስት ሰዓት ብቻ ነው። ስትሄዱ የክትባት ካርዱን ያዙ፣ ከቻላችሁም የጠዋቱን ሽንት በንጹህ ዕቃ ይዛችሁ ሂዱ፣ እንደኛ እንዳታስመሿት።