ፋይብሮማያልጂያና ኪሳችን፦ ፊዚዮቴራፒ፣ ሙቅ ውሃ፣ ታይ ቺ፣ መርፌና ማሳጅ ሲነጻጸሩ

ታላቅ እህቴ ጠዋት ስትነሳ «ሌሊቱን ሙሉ በዱላ ሲቀጠቅጡኝ ያደሩ ይመስለኛል» ትለኛለች። ትከሻዋን ይጠዘጥዛታል፣ ወገቧን ይቆረጥማታል፣ እግሯ ይዝልባታል። ስምንት ሰዓት ተኝታ እንኳ ዓይኗን ያልከደነች ሰው ትመስላለች። መጀመሪያ «ብርድ ነው» አሏት። ቀጥሎ «ሪህ ነው»፣ ከዚያ ደግሞ «ነርቭ ነው»። ራጁም ደሙም ንጹህ ነው። ፋይብሮማያልጂያ የሚለውን ስም እስክንሰማ ዓመታት አለፉ።

ስሙ ከተገኘ በኋላ ሌላ ጣጣ መጣ። ሁሉም የሚሸጥልን ነገር አለው። አንዱ ማሳጅ፣ ሌላው አኩፓንክቸር (ቀጫጭን መርፌ ቆዳ ላይ መሰካት)፣ ሌላው ማሽን። እኛም መጀመሪያ የከፈልነው ለአሥር ዙር ማሳጅ ነበር፤ በአንድ ጊዜ ከከፈላችሁ ቅናሽ አለው ተብለን። በሁለተኛው ዙር በጣም ጨምቀዋት ሦስት ቀን ከአልጋ አልወረደችም። ቀሪውን ገንዘብ ስንጠይቅ አይመለስም አሉን።

ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ሕክምና የምመዝነው በሁለት ጥያቄ ነው። ጥናት ምን ያህል ይደግፈዋል? ብሩ ሲያልቅስ እጃችን ላይ ምን ይቀራል? ይህ ሕመም በአንድ ወር አይለቅም። ስለዚህ ለእኔ ሁለተኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው አያንስም።

ከመክፈላችሁ በፊት

ሕመሙ ፋይብሮማያልጂያ መሆኑን ሐኪም ያረጋግጥ። በሰውነት ብዙ ቦታ የሚሰማ፣ ቢያንስ ሦስት ወር የቆየ ሕመም ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የአሜሪካ የሩማቶሎጂ (የመገጣጠሚያና የጡንቻ ሕመም ሕክምና) ኮሌጅ መስፈርት 18 ነጥቦችን በጣት ተጭኖ ቢያንስ 11ዱ ማመማቸውን ይጠይቅ ነበር። ከ2010 ወዲህ ግን ሐኪሞች የሕመሙን ስርጭት፣ ድካሙን፣ የእንቅልፉን ጥራትና የአእምሮ መደንዘዙን አብረው ያያሉ። (ከዚህ በታች ያሉት የጥናት ዓመታትም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የእንቅርት ሆርሞን ማነስ፣ የደም ማነስ እና የመገጣጠሚያ ብግነት ተመሳሳይ ስሜት ስለሚሰጡ መመርመር አለባቸው። መገጣጠሚያ ካበጠ፣ ትኩሳት ካለ፣ ክብደት ያለምክንያት ከቀነሰ ወይም አንድ እግር ከሰነፈ ወደ ማሳጅ ቤት ሳይሆን ወደ ሐኪም ነው የሚኬደው።

አንድ ነገር ደግሞ ይታወቅ። በፋይብሮማያልጂያ የተጎዳ ጡንቻ ወይም የተሰበረ አጥንት የለም። አንጎልና ሕብለ ሰረሰር የሕመም መልእክትን አጉልተው ነው የሚያሰሙት፤ ድምፁ እስከ ጥግ እንደተከፈተ ሬዲዮ። ሕመሙ ግን እውነተኛ ነው። ወጌሻ ቢያሽ «የወለቀውን» ሊመልስ አይችልም፣ ምክንያቱም የወለቀ ነገር የለም። እህቴን ለማስረዳት በጣም የተቸገርኩት እዚህ ላይ ነበር።

መራመድ ወይስ ክብደት ማንሳት?

የአውሮፓ የሩማቶሎጂ ማኅበራት ጥምረት በ2016 ባወጣው ምክር ሁሉንም አማራጮች መርምሮ ጠንካራ ድጋፍ የሰጠው ለአንድ ብቻ ነው፤ ለአካል ብቃት እንቅስቃሴ። መድኃኒቶቹም፣ መርፌውም፣ ውሃውም ያገኙት ደካማ ድጋፍ ነው። ይህን ሳነብ ተናደድኩ። ደረጃ መውጣት ያቃታትን ሰው «ስፖርት ሥሪ» ማለት ጭካኔ መሰለኝ።

ነገሩ ያለው አጀማመሩ ላይ ነው። የእህቴ ችግር ሻል ባላት ቀን ሁሉንም ነገር መሥራቷ ነበር። እንጀራ ትጋግራለች፣ ልብስ ታጥባለች፣ መጋረጃ ታወርዳለች። ከዚያ ሦስት ቀን ትወድቃለች። እንደገና ሲሻላት እንደገና ያው ነው። አንዲት ፊዚዮቴራፒስት ይህን አዙሪት በወረቀት ላይ ስላ አሳየቻት። «በመጥፎ ቀንሽ ስንት ደቂቃ መራመድ ትችያለሽ?» ብላ ጠየቀቻት። አምስት አለች። «እንግዲያው በጥሩ ቀንሽም አምስት ብቻ ነው» አለቻት። በየሳምንቱ አንድ ሁለት ደቂቃ እየጨመረች ከወራት በኋላ ሃያ አምስት ደቂቃ ደረሰች። በአብዛኛው የሚመከረው በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜው ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ነው። መጀመሪያ ላይ ሕመሙ ትንሽ ሊጨምር ይችላል። በማግሥቱ ከበረደ ችግር የለውም፤ ለቀናት ከቆየ ግን መጠኑ በዝቷል ማለት ነው።

ክብደት ማንሳትስ? ብዙ ሴቶች ይፈሩታል፤ አያስፈራም። በስዊድን 130 ሴቶች በተሳተፉበት ጥናት ግማሽ ያህሉ ለ15 ሳምንት፣ በሳምንት ሁለቴ በአሠልጣኝ ሠርተው ጉልበታቸውም ሕመማቸውም ተሻሽሏል። የጀመሩት ግን ማንሳት ከሚችሉት ከፍተኛ ክብደት 40 በመቶ በሆነው ነው። ሕመምን በመቀነስ ረገድ መራመድን የመሰለው ኤሮቢክ ትንሽ ይቀድማል። ዕቃ ማንሳት፣ ልጅ ማቀፍ፣ ከወንበር መነሳት ያቃተው ሰው ግን ከጡንቻ ሥራ የበለጠ ይጠቀማል። የጂም አባልነት መግዛት ግዴታ አይደለም። ላስቲክ ባንድ ወይም ውሃ የተሞላ የሃይላንድ ላስቲክ ይበቃል።

እዚህ ላይ የምትከፍሉት ለማስተማሩ ነው። ከቻላችሁ ከአራት እስከ ስድስት ቀጠሮ ያዙና በሁለት ሦስት ወር ውስጥ አራርቁት። በሁለት ሳምንት ውስጥ በየቀኑ አድርጋችሁ አትጨርሱት። ተኝታችሁ ማሞቂያ መብራትና ማሽን ብቻ የሚያደርግላችሁ ክፍል ከሆነ፣ በሩ ላይ ፊዚዮቴራፒ ተብሎ ቢጻፍም እኔ የምለው ያን አይደለም።

ሙቅ ውሃ፦ መዘፍዘፍ ወይስ ውስጡ መንቀሳቀስ?

ለእኛ ይህ የቆየ ነገር ነው። አዲስ አበባ ራሷ የተቆረቆረችው እቴጌ ጣይቱ ፍልውሃውን ወደውት ነው። ሶደሬና ወንዶ ገነት ለቁርጥማት የማይሄድ የለም። ሰው ሲወጣ ቀለል ይለዋል፤ ሙቀት ጡንቻን ያፍታታል፣ እንቅልፍም ያመጣል።

ግን መዘፍዘፍና ውስጡ መንቀሳቀስ ይለያያሉ። መጀመሪያ መዘፍዘፉን እንይ። በሙት ባሕር 48 ታማሚዎች ለአሥር ቀን በማረፊያ ተቀምጠው ግማሾቹ በድኝ ውሃ ይታጠቡ ነበር። የሚገርመው ሁለቱም ቡድኖች ተሻሻሉ። የታጠቡት ላይ ለውጡ ረዘም ላለ ጊዜ ቆየ። እኔ ከዚህ የምረዳው ዕረፍቱና ከቤት ጭንቀት መራቁ ራሱ ትልቅ ድርሻ እንዳለው ነው። እስራኤል ለምትኖሩ ጉዞው ቅርብ ነው። ሆኖም ከአሥር ቀን በኋላ ወደ ቤት ስትመለሱ ውሃው አብሯችሁ አይመጣም።

በሙቅ ውሃ ውስጥ መንቀሳቀስ ሌላ ነገር ነው። ኮክሬን የተባለው የጥናት ገምጋሚ ድርጅት በ2014 በ16 ጥናቶች የተሳተፉ 881 ሰዎችን ውጤት አጠቃሎ ነበር። ምንም እንቅስቃሴ ካልሠሩት ጋር ሲነጻጸር ጠቅሟል። ከየብስ እንቅስቃሴ ጋር ሲነጻጸር ግን እኩል ለእኩል ነው፤ በጡንቻ ጉልበት ደግሞ የብሱ ይሻላል። ስለዚህ የምመክረው ይህን ነው። ጉልበቷ የሚያማት፣ ክብደቷ የበዛ፣ ወይም ቆሞ መራመድን የፈራች ሰው በውሃ ትጀምር፤ ውሃው ይሸከማታል። መራመድ የምትችል ግን ለመዋኛ መክፈል አይጠበቅባትም። ገንዳው ቀዝቃዛ ከሆነ ይቅርባችሁ፤ ጡንቻውን ያኮማትረዋል። እርጉዝ የሆነች፣ የልብ ችግር ወይም ከፍተኛ የደም ግፊት ያለበት ሰው በጣም ሞቃት ውሃ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ሐኪም ይጠይቅ።

ታይ ቺ ወይስ ዮጋ?

ታይ ቺ ለብዙዎቻችን እንግዳ ነው። ቀስ ያለ፣ ቆሞ የሚሠራ፣ ከትንፋሽ ጋር የሚሄድ የቻይና እንቅስቃሴ ነው። የቦስተን ተመራማሪዎች በ2018 በ226 ሰዎች ላይ ከኤሮቢክ ጋር አወዳድረውት ቢያንስ እኩል፣ በአንዳንዱ መለኪያ ደግሞ የበለጠ ሆኖ ተገኘ። 24 ሳምንት የሠሩት 12 ሳምንት ከሠሩት ይበልጥ ተጠቀሙ። ለእኔ ትልቁ ቁም ነገር ሌላ ነው፤ ታይ ቺ የደረሳቸው ሰዎች ኤሮቢክ ከደረሳቸው የበለጠ ወደ ክፍል መጥተዋል። የማይተውት እንቅስቃሴ ከሁሉ ይሻላል።

ዮጋም ጥናት አለው፤ በ2010 በአሜሪካ ኦሪገን 53 ሴቶች በተሳተፉበት ጥናት ለስምንት ሳምንት ዮጋ የሠሩት ተሻሽለዋል። በታይ ቺ ላይ ያለው ማስረጃ ግን ይበልጣል። በዮጋ ክፍል ደግሞ አስተማሪው ከአቅም በላይ እንድትለጠጡ ሊገፋፋ ይችላል። «ፓወር» ወይም «ሆት» የሚል ስም ያለውን ለጊዜው ተዉት። ሃይማኖቴ አይፈቅድም ብሎ የሚጨነቅ ሰውም አውቃለሁ። እሱም መብቱ ነው። ቀስ ያለ መፍታታትና ጥልቅ ትንፋሽ ከፊዚዮቴራፒስት መማር ይቻላል።

አዲስ አበባ ውስጥ የታይ ቺ አስተማሪ እንደ ልብ አይገኝም። አሜሪካና አውሮፓ ያላችሁ ግን በአካባቢያችሁ የአረጋውያን ማዕከልና የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ጠይቁ። በነጻ ወይም በትንሽ ክፍያ የሚሰጡ ብዙ ናቸው።

መርፌ ወይስ ማሳጅ?

ሁለቱም ሰው የሚያደርግላችሁ ነገሮች ናቸው። ስትከፍሉ ይሠራሉ፣ ስታቆሙ ይቆማሉ። ለዚህ ነው ከላይኞቹ በታች የማስቀምጣቸው።

አኩፓንክቸርን በተመለከተ ኮክሬን በ2013 የገመገማቸው 9 ጥናቶችና 395 ሰዎች ነበሩ። በመርፌው ላይ ቀላል ኤሌክትሪክ የሚያልፍበት ዓይነት ከተራው የተሻለ መሰለ። ተራው መርፌ ግን ከማስመሰያው፣ ማለትም እውነተኛ ከሚመስል የውሸት ሕክምና፣ ያን ያህል አልተለየም። መሞከር ከፈለጋችሁ መርፌው አንዴ ብቻ ጥቅም ላይ የሚውል፣ ከፊታችሁ የሚከፈት ይሁን። አሜሪካ ላላችሁ ደግሞ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ሜዲኬር (በዋናነት ለአረጋውያን የሆነው የመንግሥት የጤና መድን) ከ2020 ጀምሮ አኩፓንክቸር የሚከፍለው ለቆየ የወገብ ሕመም ነው፤ ለፋይብሮማያልጂያ አይደለም። ይህን ሳታጣሩ ከገባችሁ ሂሳቡ ቤታችሁ ይመጣል።

ማሳጅ ላይ የአውሮፓው ጥምረት ድጋፍ አልሰጠም፤ የጥናቶቹ ጥራት አላረካውም። በ2014 የወጣ ሌላ ግምገማ 9 ጥናቶችን አይቶ፣ አምስት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቀጠለ ሕመምንና ጭንቀትን እንደሚያቃልል ተናግሯል። እህቴን ያየሁ ሰው ስለሆንኩ እንዲህ እላለሁ፤ ለስላሳ ይሁን፣ አጭር ይሁን፣ በየዙሩ ይከፈል። «ካላመመሽ አይሠራም» የሚል አሺ ስለዚህ ሕመም አያውቅም። ቤት ውስጥ በሞቀ ዘይት ቀስ ብሎ የሚያሽ ሰው ካላችሁ እሱ ይበቃል።

ዋግምትም ይጠየቃል፤ ዓረብ አገር ያሉ እህቶቻችን ሂጃማ ይሉታል። በጀርመን በ2016 የታተመ ጥናት እውነተኛውን ከማስመሰያው ጋር ሲያወዳድር ልዩነት አላገኘም። በምላጭ እየበጡ ደም የሚያወጡበት ዓይነት የኢንፌክሽን አደጋ ስላለው እኔ አልመክረውም። አንገትና ጀርባን «ቀጭ» የሚያደርገውን ኪሮፕራክቲክም የአውሮፓው ጥምረት ከደኅንነት አንጻር አይመክረውም።

ማሽን የሚገዛ ሰው ካለ

ቴንስ የምትባለው ትንሿ መሣሪያ በቆዳ ላይ በሚለጠፍ ፕላስተር ቀላል ኤሌክትሪክ ትልካለች። በአሜሪካ 301 ሴቶች በተሳተፉበት ጥናት ለአራት ሳምንት ተሞክራለች፤ እውነተኛዋ የደረሳቸው ሲንቀሳቀሱ የሚሰማቸው ሕመም ማስመሰያው ከደረሳቸው በላይ ቀንሷል። ሚስጥሩ አጠቃቀሟ ላይ ነው። በቀን ለሁለት ሰዓት ያህል፣ እየሠሩ፣ እየተንቀሳቀሱ ነበር ያደረጓት። ተኝቶ መለጠፍ ሌላ ነገር ነው። ጥንካሬዋም ሳያምም በግልጽ መሰማት አለበት። ፔስሜከር (የልብ ምትን የሚያስተካክል የተቀበረ መሣሪያ) ያለበት ሰው አይንካት፤ እርጉዝም ሐኪም ሳታማክር አትጠቀም።

ውድ የማሳጅ ወንበርና የሚንቀጠቀጥ አልጋ ግን ለዚህ ሕመም ብላችሁ አትግዙ። በዚያ ገንዘብ ብዙ የፊዚዮቴራፒ ቀጠሮ ይገኛል።

እህቴ ዛሬ

መድኃኒቷን አላቆመችም። ጸበል ትሄዳለች፣ ኪኒኗንም ይዛ ነው የምትሄደው። ጠዋት በሞቀ ውሃ ሻወር ትወስዳለች፣ ከዚያ ከቤት እስከ ቤተ ክርስቲያን በእግሯ ደርሳ ትመለሳለች። ማክሰኞና ዓርብ በላስቲክ ባንድ ትሠራለች። በወር አንዴ ማሳጅ አለ፤ ያ ለደስታዋ ነው። ባለፈው ሳምንት ሻል ብሏት ሳለ ሁለተኛውን ምጣድ ልትጀምር ስትል ተወችው። «ነገም መነሳት እፈልጋለሁ» አለችኝና ሊጡን ከደነችው።