ለአውሮፓ ክለብ ራግቢ ገንዘብ ስታወጡ፦ ዋንጫው፣ ሊጉ ወይስ ቲቪው?

ቀጥታ ወደ ነገሩ ልግባ። አንድ የራግቢ ትኬት ብቻ የምትገዙ ከሆነ የአውሮፓ ክለቦች ዋንጫ የሆነውን የሻምፒዮንስ ካፕን ግማሽ ፍጻሜ ግዙ። ፍጻሜውን አይደለም። ዘመኑን ሙሉ ለመከታተል ካሰባችሁ ደግሞ ዋንጫውን ለጊዜው ተዉትና የፈረንሳዩን ሊግ ቶፕ 14 ያዙ። የ2024–25 የውድድር ዘመን ከዳር እስከ ዳር ያለቀ ስለሆነ፣ የትኛው ትኬት የማይቆጭ፣ የትኛው ደግሞ የሚያናድድ እንደነበር ውጤቱን እያየን መመዘን እንችላለን።

መጀመሪያ አካሄዱን በአጭሩ። ሦስት ትልልቅ ሊጎች አሉ። የእንግሊዙ ፕሪሚየርሺፕ 10 ክለቦች አሉት። ቶፕ 14 ስሙ እንደሚለው 14 ናቸው። ዩአርሲ የሚባለው የአየርላንድ፣ የዌልስ፣ የስኮትላንድ፣ የጣሊያንና የደቡብ አፍሪካ 16 ቡድኖችን አንድ ላይ ያጫውታል። ከእነዚህ ውስጥ 24 ክለቦች ሻምፒዮንስ ካፕ ይገባሉ፣ የቀሩት ቻሌንጅ ካፕ ይጫወታሉ። ኳስ ለምታዩ፣ የመጀመሪያው ሻምፒዮንስ ሊግ፣ ሁለተኛው ዩሮፓ ሊግ ነው ብላችሁ ብትይዙት ብዙም አትሳሳቱም።

የምድብ ጨዋታ፦ ርካሽ ነው፣ ግን ማን እንደሚሰለፍ እዩ

ዲሴምበርና ጃንዋሪ የምድብ ወራት ናቸው። 24ቱ ክለቦች አራት ምድብ ይሆናሉ፣ እያንዳንዱ ክለብ አራት ጨዋታ ብቻ ይጫወታል፣ ሁለቱን በሜዳው ሁለቱን ከሜዳው ውጪ። ከስድስቱ አራቱ ወደ 16ቱ ዙር ያልፋሉ። አምስተኛ የወጣው እንኳ ውድድሩ አያልቅበትም፣ ወደ ቻሌንጅ ካፕ ይወርዳል።

ይሄ አሠራር አሰልጣኞችን ሒሳብ ያሠራቸዋል። ሜዳቸው ላይ ኮከቦቻቸውን ያሰልፋሉ፣ ርቀው ሲሄዱ ደግሞ ዋናዎቹን አሳርፈው ወጣቶችን ይልካሉ። የደቡብ አፍሪካ ረጅም በረራ ሲኖርበት ደግሞ ይብሳል። የደቡብ አፍሪካው ሻርክስ በዲሴምበር 2024 በእንግሊዙ ሌስተር ታይገርስ ሜዳ 56 ለ 17 ሲሸነፍ ብዙ ዋና ዋና ተጫዋቾቹን አላሰለፈም ነበር። ያው ሌስተር ደግሞ በጃንዋሪ ቱሉዝ ሄዶ 80 ለ 12 ተሸነፈ። ለቱሉዝ ደጋፊ የበዓል ቀን ነበር። ፉክክር አያለሁ ብሎ ትኬት ለቆረጠ ሰው ግን ጨዋታው ገና በጊዜ አልቋል።

የምድብ ትኬት የምመክረው ክለቡ እናንተ ከተማ ውስጥ ካለና ለጉዞ የምታወጡት ገንዘብ ከሌለ ነው። አሰላለፉ የሚታወቀው ጨዋታው ሊደረግ አንድ ወይም ሁለት ቀን ሲቀረው ስለሆነ፣ ትኬቱ እንደማያልቅ ካወቃችሁ እስከዚያ ጠብቁ። ልጆች ይዛችሁ ለመሄድ ግን ከዚህ የተሻለ አጋጣሚ የለም። የሁለቱ ክለቦች ደጋፊዎች ተለያይተው ሳይሆን ተቀላቅለው ነው የሚቀመጡት፣ ትራይ (ኳሱን ከተጋጣሚው መስመር አልፎ መሬት ላይ በማስቀመጥ የሚገኝ ነጥብ) በብዛት ይገባል፣ ጨዋታውን የማያውቅ ሰው ጎረቤቱን እየጠየቀ ይማራል።

ጥሎ ማለፉ፦ ገንዘቡ ሥራውን የሚሠራው እዚህ ነው

ከኤፕሪል ጀምሮ መልስ ጨዋታ የለም። አንድ ጨዋታ፣ ያሸነፈ ያልፋል። እስከ ሩብ ፍጻሜ ድረስ የሚስተናገደው በምድቡ የተሻለ ደረጃ ያገኘው ክለብ ሜዳ ላይ ነው። ስለዚህ የሜዳ ባለቤቱ ብዙ ጊዜ ያሸንፋል፣ አንዳንዴም ከልክ በላይ ያሸንፋል። የደብሊኑ ሌንስተር እዚያው ከተማው ባለው ክሮክ ፓርክ ስታዲየም የእንግሊዙን ሃርለኩዊንስን 62 ለ 0፣ በሳምንቱ አቪቫ ስታዲየም ላይ የስኮትላንዱን ግላስጎውን 52 ለ 0 አሸነፈ። ሁለት የጥሎ ማለፍ ጨዋታ፣ አንድም ነጥብ አልገባበትም። በእነዚያው ሁለት ሳምንታት ግን የአየርላንዱ መንስተር ፈረንሳይ ላ ሮሼል ድረስ ሄዶ 25 ለ 24 አሸነፈ፣ ቱሉዝ ቱሎን ላይ በ21 ለ 18 አመለጠ። ልዩነቱ ከየት መጣ? ላ ሮሼልና ቱሎን የሄዱት እንግዶች ከሜዳቸው ውጪ መታገል የለመዱ፣ ዋንጫውንም ከአንድ ጊዜ በላይ ያነሱ ክለቦች ናቸው። ትኬት ስትመርጡ ከባለሜዳው ይልቅ እንግዳው ማን እንደሆነ አጣሩ። ጨዋታውን ጨዋታ የሚያደርገው እሱ ነው።

አሁን ወደ ግማሽ ፍጻሜው። ሜይ 3 ቀን 2025፣ ደብሊን፣ አቪቫ ስታዲየም። ሌንስተር በ2022፣ በ2023 እና በ2024 በተከታታይ ሦስት ፍጻሜ ተሸንፏል፣ ስለዚህ ከተማው በሙሉ ዘንድሮ የኛ ነው ብሏል። ተጋጣሚው ኖርዝሃምፕተን ነው። ባለፈው ዓመት የእንግሊዝ ሻምፒዮን የነበረ ቢሆንም በዚያ ዘመን በሊጉ ከታችኛው ግማሽ መውጣት አቅቶት ነበር። ማንም ዕድል አልሰጠውም። የኖርዝሃምፕተኑ ቶሚ ፍሪማን ገና በመጀመሪያው አጋማሽ ሦስት ትራይ አስቆጠረ። ሄንሪ ፖሎክ የሚባል የዚያው ክለብ የ20 ዓመት ልጅ ራሱን ለአውሮፓ ያስተዋወቀው በዚያ ቀን ነው። ሌንስተር ደጋግሞ የቀረበውን የቅጣት ምት ሦስት ነጥብ ትቶ ትራይ ፍለጋ ሄደ፣ በመጨረሻም 37 ለ 34 ተሸነፈ። የመጨረሻዎቹን ደቂቃዎች ያየ ሰው ስለ ትኬት ዋጋ የሚያስብ አይመስለኝም። በማግስቱ ደግሞ በሌላኛው ግማሽ ፍጻሜ ቦርዶ ትልቁን ቱሉዝን 35 ለ 18 አሰናበተ። የቱሉዙ ኮከብ አንትዋን ዱፖን በማርች ጉልበቱን ተጎድቶ ስለነበር አልተሰለፈም።

ግማሽ ፍጻሜው ከፍጻሜው የሚበልጥባቸው ምክንያቶች አሉኝ። ስታዲየሙን የሚሞላው የባለሜዳው ሕዝብ ነው፣ ድምፁ እውነተኛ ነው። ማንም አሰልጣኝ ተጫዋች አያሳርፍም። ትኬቱም ከፍጻሜው ይረክሳል። ችግሩ ጊዜው ነው። የት እንደሚደረግ የሚታወቀው ሩብ ፍጻሜው ሲያልቅ ነው፣ በ2025 በመሀል የነበረው ሦስት ሳምንት ገደማ ብቻ ነው። ከሌላ አገር የምትበሩ ከሆነ አውሮፕላኑ ሊወደድባችሁ ይችላል። ስለዚህ ሩብ ፍጻሜው በሚደረግበት ቅዳሜና እሁድ ስልካችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ፣ ውጤቱ እንደታወቀ ወዲያው ግዙ።

የፍጻሜውስ? ቦታው ቀድሞ ይታወቃል፣ ትኬቱም ማን እንደሚያልፍ ሳይታወቅ ይሸጣል። ብዙ ሰው ክለቡን አምኖ በጊዜ ይገዛል፣ ከዚያ ክለቡ መንገድ ላይ ይቀራል። የሆቴል ዋጋ በዚያ ቅዳሜ ሰማይ ይነካል። የ2025ቱ ካርዲፍ፣ ፕሪንሲፓሊቲ ስታዲየም ነበር፣ ወደ 74,000 ሰው የሚይዝ፣ ጣሪያው የሚዘጋ፣ ከተማው መሀል ያለ። ስታዲየሙ ላይ ቅሬታ የለኝም። ቦርዶ ኖርዝሃምፕተንን 28 ለ 20 አሸንፎ የመጀመሪያውን የአውሮፓ ዋንጫ አነሳ፣ የቦርዶው ዳሚያን ፔኖም ሁለት ትራይ አስቆጥሮ በአንድ ዘመን 14 በማድረስ ሪከርዱን ያዘ። ግን 20 እኩል ሆኖ እረፍት የወጣው ጨዋታ ከእረፍት በኋላ ቀዘቀዘ።

ፍጻሜውን የምመክረው በቡድን ለሚሄዱ ነው። አርብ ማታ የቻሌንጅ ካፕ ፍጻሜ፣ ቅዳሜ የሻምፒዮንስ ካፕ፣ ሁለቱም አንድ ስታዲየም። በ2025 አርብ ዕለት ባዝ ሊዮንን 37 ለ 12 አሸንፏል። በአንድ ጉዞ አራት ክለብ ታያላችሁ፣ የሆቴሉም ወጪ ለሁለት ጨዋታ ይካፈላል። የአርቡ ትኬት ከቅዳሜው በጣም ስለሚቀንስ፣ ገንዘብ ላጠረው እሱን ብቻ ማየትም መጥፎ ምርጫ አይደለም።

የሊጉ ነገር

ዋንጫ በየዓመቱ ጥቂት ቅዳሜዎች ነው። ሊግ ከሴፕቴምበር እስከ ጁን ነው። ለዚህ ነው ቶፕ 14ን የማስቀድመው። 26 ዙር አለው፣ ስድስት ክለቦች ለዋንጫው ወደ ጥሎ ማለፍ ይገባሉ፣ የመጨረሻው በቀጥታ ይወርዳል፣ 13ኛው ደግሞ ላለመውረድ አንድ ጨዋታ ይጫወታል። ላይም ታችም የሚያስጨንቅ ነገር አለ። ከብሬታኝ የመጣው ቫን በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ እዚህ ደርሶ በዓመቱ ወረደ፣ ግን ደጋፊው እስከ መጨረሻው አልለቀቀውም። የነጥብ አሰጣጡም ለየት ይላል። በሌሎቹ ሊጎች አራት ትራይ ያገባ ተጨማሪ ነጥብ ያገኛል። እዚህ ግን ከተጋጣሚው በሦስት ትራይ መብለጥ አለበት፣ ስለዚህ እየመራ ያለ ቡድን እንኳ መተኛት አይችልም። ጁን 28 ቀን 2025 ስታድ ደ ፍራንስ ላይ ቱሉዝ ቦርዶን በጭማሪ ሰዓት 39 ለ 33 አሸንፎ 24ኛ ዋንጫውን ወሰደ። እኔ የዚያ ዘመን ምርጥ ፍጻሜ የምለው ይሄን ነው፣ የካርዲፉን አይደለም።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ፌብሩዋሪና ማርች ላይ የስድስቱ አገሮች ውድድር ሲኖር ቶፕ 14 ሙሉ በሙሉ አይቆምም። ብሔራዊ ቡድን የተጠሩት ይጎድላሉ። ኖቬምበርም እንደዚያው። ዱፖንን ወይም የቦርዶውን ቢየል-ቢያሬን ለማየት ከሌላ አገር የምትመጡ ከሆነ ሴፕቴምበርና ኦክቶበርን ወይም ከኤፕሪል በኋላ ያለውን ምረጡ። ለከተማ ደግሞ ቦርዶን አስቀድሙ። ስታዲየሙ ሻባን-ዴልማስ ከ33,000 በላይ ሰው ይይዛል፣ ከቱሉዙ ኤርነስት-ዋሎን በብዙ ስለሚሰፋ ትኬት የማግኘት ዕድላችሁ የተሻለ ነው።

እንግሊዝ ላላችሁ ፕሪሚየርሺፕ ቅርብ ነው፣ ሜዳዎቹም ጥሩ ናቸው። የባዙ ሪክ ሆነ የኖርዝሃምፕተኑ ፍራንክሊንስ ጋርደንስ 15,000 አካባቢ ሰው ነው የሚይዙት፣ የስክራሙ (የሁለቱ ቡድኖች ከባዶቹ ተጫዋቾች ተያይዘው የሚገፋፉበት) ግጭት መቀመጫችሁ ድረስ ይሰማል። ባዝ በ2025 ሌስተርን 23 ለ 21 አሸንፎ ከ1996 ወዲህ የመጀመሪያውን የሊግ ዋንጫ ሲያነሳ ለንደን ትዊክንሃም ስታዲየም ያለቀሰው ሰው ብዙ ነው። ግን የዓመት ትኬት ከመግዛታችሁ በፊት የክለቡን ሒሳብ ጠይቁ። በ2022–23 ዘመን ዉስተር፣ ዋስፕስና ለንደን አይሪሽ በገንዘብ እጦት ከሊጉ ጠፍተዋል፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ዘመኑ ሳይጋመስ ነው የወጡት። ዋስፕስ ሲፈርስ ሥራ አጥ የሆነው ጃክ ዊሊስ ቱሉዝ ገብቶ በ2024 የአውሮፓን ዋንጫ አነሳ። ለተጫዋቹ መጨረሻው አማረ፣ ደጋፊው ግን ክለቡን አጣ። መጀመሪያ ጥቂት ጨዋታ በነጠላ ትኬት እዩ፣ ክለቡን ከወደዳችሁት የዓመቱን ግዙ።

ዩአርሲ ላይ አልቆይም። ሌንስተር ወይም መንስተር አጠገብ ካላችሁ በጣም ጥሩ ነው። የሌሎቹ ግን ርቀቱ ይጎዳል። ከሜዳ ውጪ ያለውን ጨዋታ ተከትሎ መሄድ ሲባል አንዳንዴ ከስኮትላንድ እስከ ኬፕታውን ነው፣ ተራ ደጋፊ የሚችለው አይደለም።

ቲቪ፦ ርካሹ መንገድ

ብሪታንያና አየርላንድ ላላችሁ በ2024–25 ሻምፒዮንስ ካፕና ዩአርሲ ሁለቱም ፕሪሚየር ስፖርትስ ላይ ነበሩ፣ ፕሪሚየርሺፕ ደግሞ ቲኤንቲ ስፖርትስ ላይ። ሁለቱን አንድ ላይ መክፈል ከብዷችሁ አንዱን መምረጥ ካለባችሁ የመጀመሪያውን ምረጡ፣ ለአንድ ክፍያ ብዙ ውድድር ይሰጣችኋል። ፈረንሳይ ያላችሁ ለቶፕ 14 ካናል ፕሉስ ያስፈልጋችኋል፣ የሻምፒዮንስ ካፕ የተወሰኑ ጨዋታዎች ግን በፍራንስ ቴሌቪዥን በነጻ ይታያሉ። የስርጭት መብት ስለሚቀያየር የአንድ ዓመት ውል ከመፈረማችሁ በፊት ዘንድሮ ማን ጋ እንዳለ አረጋግጡ። በወር መክፈል ከተቻለ ደግሞ ኤፕሪልና ሜይ ብቻ ክፈሉ፣ የዋንጫው ዋና ክፍል እዚያ ውስጥ ያልቃል።

አዲስ አበባ ሆናችሁ ዲኤስቲቪ ያላችሁ ሱፐርስፖርት ላይ ዩአርሲንም የአውሮፓውን ዋንጫም ማግኘት ትችላላችሁ። የምትከፍሉት ጥቅል የራግቢውን ቻናል ይጨምር እንደሆነ ግን ጠይቁ፣ ርካሹ ላይ ላይኖር ይችላል።

ደቡብ አፍሪካ ያላችሁ ወገኖች ደግሞ ከሁላችንም የተሻለ ቦታ ላይ ናችሁ። ጆሃንስበርግ ጄፔ አካባቢ ለምትሠሩ የላየንስ ሜዳ ኤሊስ ፓርክ ብዙም አይርቅም። ፕሪቶሪያ ሎፍተስ አለ፣ ደርባን ኪንግስ ፓርክ አለ። የአውሮፓ ክለቦች በዲሴምበርና በጃንዋሪ ሙቀት እዚያ ሲመጡ ደካማ ቡድን ይልካሉ፣ እሱን ተዉት። የዩአርሲን ጥሎ ማለፍ ጠብቁ። ጁን 2025 ላይ የፕሪቶሪያው ቡልስ ሻርክስን 25 ለ 13 ያሸነፈበት ግማሽ ፍጻሜ ሎፍተስ ላይ ነው የተደረገው። ቡልስ ከዚያ በክሮክ ፓርኩ ፍጻሜ በሌንስተር 32 ለ 7 ተሸነፈ፣ በአራት ዓመት ውስጥ ሦስተኛ የፍጻሜ ሽንፈቱ ነው። ሎፍተስ የሚገባው ሕዝብ ይህን ዋንጫ አጥብቆ ይፈልገዋል፣ የጥሎ ማለፍ ጨዋታ እዚያ ሲደረግ ትኬቱን ቀድማችሁ ያዙ።