ሳይበር ኢንሹራንስ፣ የታማኝነት ዋስትና ወይስ ራስን መጠበቅ? ለደሴና ለኮምቦልቻ ነጋዴዎች

ኮምቦልቻ ላይ በጅምላ የሚያከፋፍል ነጋዴ ኢንሹራንስ ሲባል ትዝ የሚለው መኪናውና መጋዘኑ ነው። ፒችትሪ የሚባለው የሂሳብ ፕሮግራም ላይ ያለው ሂሳቡ ግን ከመጋዘኑ አያንስም። ማን ስንት ዱቤ እንዳለበት የተመዘገበው እዚያ ነው። ያ ፋይል አንድ ጠዋት ተቆልፎ «ብር ክፈሉ» የሚል ጽሑፍ ቢመጣስ?

«እኔ የታማኝነት ዋስትና አለኝ» የሚል ሰው ብዙ ነው። ይህ ዋስትና የሚክሰው የራሳችሁ ሠራተኛ ገንዘብ ሲያጎድል ነው። የገንዘብ ኢንሹራንስ ደግሞ ካዝና ውስጥ ላለ ወይም ወደ ባንክ ሲጓዝ ለተዘረፈ ብር ነው። ገንዘብ ያዥ ላለው ድርጅት ሁለቱም ደህና ናቸው። ለተቆለፈ ፋይል ግን አትመኩባቸው።

ሳይበር ኢንሹራንስ፣ ማለትም በኮምፒውተርና በኢንተርኔት የሚመጣን ጥቃት የሚክሰው፣ በእኛ ገበያ ገና አዲስ ነው። በተለምዶ ፋይል የሚያስመልስ ባለሙያ፣ ሥራ በቆመበት ጊዜ የቀረ ገቢ፣ መረጃው የወጣበት ደንበኛ ሲከስ የሚመጣ ወጪ ይሸፍናል። እኔ ግን ከካሳው ይልቅ የምወደው ከመግዛታችሁ በፊት የምትሞሉትን የማመልከቻ ፎርም ነው።

ብዙ ቢሯችን ውስጥ ያለውን ኮምፒውተር አስቡት። ባክአፕ የተያዘበት ፍላሽ ቀንም ሌሊትም እዚያው ተሰክቶ ይውላል፤ ቫይረስ ከገባ ሁለቱም አብረው ይቆለፋሉ። ሶፍትዌሩን የሚያስተካክለው ልጅ ከአዲስ አበባ ሆኖ በኤኒዴስክ፣ ኮምፒውተርን ከሩቅ በሚያስከፍት ፕሮግራም፣ ይገባል፣ የይለፍ ቃሉም ከተሰጠው ጀምሮ አልተቀየረም። አለቃው፣ ሂሳብ ሠራተኛዋና ዕቃ ግምጃ ቤቱ በአንድ ስም ነው የሚገቡት። ዊንዶውሱ ክራክ ስለሆነ አፕዴት አያደርግም። ፎርሙ እነዚህን አንድ በአንድ ይጠይቃል። መልሱ ደካማ ከሆነ ወይ አርቦኑ (ለኢንሹራንሱ የምትከፍሉት ክፍያ) ይወደዳል፣ ወይ ሽፋኑ ይከለከላል። ሂሳብ ሠራተኛዋ «ጋሼ፣ ሌላ ዲስክ እንግዛ» እያለች ስትወተውት ያልሰማ ባለቤት፣ አርቦን ሲጨምርበት ይሰማል። ኢንሹራንሱ ጥበቃን የሚያሻሽለው እዚህ ጋ ነው።

ስለዚህ ሁለት ፖሊሲ ቀርቦላችሁ የአንዱ ፎርም ግማሽ ገጽ ከሆነ፣ እኔ ብሆን ረጅሙን እመርጣለሁ። ግን ፎርሙን ስትሞሉ እውነቱን ጻፉ። እ.ኤ.አ. በ2022 አሜሪካ ውስጥ ትራቨለርስ የተባለው ኢንሹራንስ አንድ ደንበኛውን ፍርድ ቤት ወሰደ። ደንበኛው ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ (ከይለፍ ቃል ሌላ ተጨማሪ ማረጋገጫ መጠየቅ) እንጠቀማለን ብሎ ቢፈርምም በሚገባ አልተጠቀመም ነበር። በመጨረሻ ፖሊሲው እንዲሰረዝ ተስማሙ።

ሌላው የምመለከተው የጦርነት አንቀጽ ነው። በ2014 ዓ.ም. ንብረቱ የተዘረፈበት የወሎ ነጋዴ፣ ተራ የእሳትና የስርቆት ፖሊሲ ጦርነትን እንደማይሸፍን ማስረዳት አያስፈልገውም። ሳይበርም ላይ ይኸው ጣጣ አለ። እ.ኤ.አ. በ2017 ኖትፔትያ የተባለው ጥቃት የመድኃኒት አምራቹን መርክን ሲመታ፣ ኢንሹራንሶቹ ጥቃቱ የመንግሥት ስለሆነ ጦርነት ነው ብለው ካሳውን ከለከሉ። የኒው ጀርሲ ፍርድ ቤቶች ለመርክ ቢፈርዱም ክርክሩ ዓመታት ፈጀ። የለንደኑ የኢንሹራንስ ገበያ ሎይድስም ከመጋቢት 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መንግሥት ያለበትን ከባድ ጥቃት የሚያስቀር አንቀጽ እንዲገባ አዘዘ። ከመፈረማችሁ በፊት «ጥቃቱ የመንግሥት መሆኑን የሚወስነው ማነው?» ብላችሁ ጠይቁ።

መብራት ወይም የቴሌ ኔትወርክ በመጥፋቱ የቆመ ሥራን አብዛኛው ፖሊሲ አይክስም። ለእኛ አካባቢ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሥራ የቆመበት ካሳም የሚጀምረው ብዙ ጊዜ ሥራው ከቆመ 8 ወይም 12 ሰዓት ካለፈው በኋላ ነው። ሌሊት ስልክ የሚያነሳ፣ ባለሙያ የሚልክ መሆኑንም አጣሩ። ይህ የሌለው ፖሊሲ ርካሽ ቢሆንም እኔ አልገዛውም።

ከቻይና ዕቃ የምታስመጡ ደግሞ «የባንክ ሂሳባችን ተቀይሯል» የሚል የአጭበርባሪ ኢሜይል ቢደርሳችሁስ? ብሩን በእጃችሁ ስለላካችሁ፣ ቢሸፈንም የካሳው ጣሪያ ብዙውን ጊዜ ዝቅ ያለ ነው። ምንም ፖሊሲ ቢኖራችሁ፣ ድሮ በምታውቁት ቁጥር ሳትደውሉ አትላኩ።

ሰኞ ገበያ በአንድ ስልክና በቴሌብር ለሚሠራ ሱቅ ግን ሳይበር ኢንሹራንስ አልመክርም። ደንበኛው የሚያሳያችሁን ስክሪንሾት ትታችሁ በራሳችሁ ስልክ ሂሳባችሁን እዩ። ፒን ለማንም አትስጡ። ኮምፒውተር ካላችሁ ሁለት ዲስክ አፈራርቁ፣ አንዱ ቤት ይደር። አልፎ አልፎም ባክአፑ በትክክል መከፈቱን ሞክሩ።

ክሊኒክ፣ ማይክሮፋይናንስ፣ ፋብሪካና አስመጪ ከሆናችሁ ጥበቃውንም ሳይበር ኢንሹራንሱንም አብራችሁ ያዙ። በተለይ ክሊኒኮች። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የሕመምተኛን መረጃ የመጠበቅ ኃላፊነት ጥሎባችኋል። የታማኝነት ዋስትና እዚያ ድረስ አይደርስም።

ቅደም ተከተሉ ላይ አትቸኩሉ። መጀመሪያ ፎርሙን ከብሮከር ወይም ከኢንሹራንስ ቢሮው ውሰዱ። ከኮምፒውተር ባለሙያችሁ ጋር ቁጭ ብላችሁ «የለም» ያላችሁትን አስተካክሉ። ዋጋ የምትጠይቁት ከዚያ በኋላ ነው፣ ያውም ከአንድ በላይ ድርጅት ጋ።