የማታ ትምህርት ፈልጋችሁ ጽሕፈት ቤት ከመሄዳችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ነሐሴ ላይ የሃያ አንድ ቀን ፈቃድ ይዤ ከስቶክሆልም አዲስ አበባ ገብቼ ነበር። አየር መንገዱም ማረፊያውም ታክሲውም ደህና ነበሩ፤ የምጽፈው ስለ እነሱ አይደለም። ከፈቃዴ አሥራ ሁለቱን ቀን የበላው አንድ ጥያቄ ነው፦ ሰባተኛ ክፍልን ጨርሳ ያቋረጠች የሠላሳ አንድ ዓመት ሴት ትምህርቷን ከየት ትቀጥላለች?

ሴትየዋ እህቴ ናት። ደሴ ላይ ሰባተኛን በ2003 ዓ.ም. ጨርሳ ቤሩት ሄደች። ዘጠኝ ዓመት ሰው ቤት ሠራች። የሊባኖስ ገንዘብ ሲወድቅ ደመወዟ ተቋርጦ ተመለሰች። አሁን ኬክ ቤት ትሠራለች፤ ማታ ማታ መማር ትፈልጋለች። ይኸው ነው ጉዳዩ።

በመጀመሪያው ቀን የሚመለከተው የትምህርት ጽሕፈት ቤት ስንሄድ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው ተባልን። በማግስቱም ስብሰባ ላይ ናቸው። ዝናቡ በረንዳው ድረስ እየገባ ቆመን ስንጠብቅ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ ደጋግሜ አነበብኩት፤ የአምናው ምዝገባ ነው፣ ቀለሙ በውሃ ተንጠባጥቦ ቀኑ እንኳ አይለይም። በሦስተኛው ቀን አንዲት ሠራተኛ ቀና ሳትል «የማታ እኛን አይመለከትም፤ ጎልማሶች ጋ ጠይቁ» አለችን። ጎልማሶች ክፍል ሌላ ሕንፃ፣ ሌላ ሰፈር ነው።

እዚያ የሆነው ነው እስካሁን የሚያንገበግበኝ። ባለሙያው እህቴን አንድም ነገር ሳይጠይቃት ስሟን ማንበብና መጻፍ ለማይችሉ ሰዎች በተዘጋጀው መዝገብ ላይ ጻፈው። ፕሮግራሙ ራሱ መልካም ነው፤ ከ15 እስከ 60 ዓመት ላሉ ሰዎች፣ ሁለት ዓመት የሚፈጅ፣ ፊደልና ስሌት ከኑሮ ጋር አያይዞ የሚያስተምር። እናታችን በ1971 በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው ፊደል የለየችው፤ እንዲህ ያለውን ነገር አልንቅም። እህቴ ግን ታነባለች፣ ትጽፋለች፣ ዐረብኛም ትናገራለች። «ወንድሜ፣ እኔ እኮ ሰባተኛ ጨርሻለሁ» ስትለው «ጎልማሳ አይደለሽ እንዴ?» አላት። ስንወጣ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበችው። «ተይው፣ በቃኝ፣ ዕድሜዬም ሄዷል» አለችኝ። አንድ ሰው በአንድ ቃል ከትምህርት የሚቀረው እንዲህ ነው ለካ፤ ዐይኔ እያየ።

በር ላይ ጉዳይ እናስፈጽማለን የሚል ሰው አገኘን። አራት ሺህ ብር ብሎ በሁለት ሺህ ተስማማን። ከሁለት ቀን በኋላ ያመጣልን አንድ ገጽ ቅጽ ነው። ትምህርት ቤቶች በነፃ የሚሰጡት መሆኑን ኋላ አወቅሁ። እባካችሁ፣ እዚያ በር ላይ ለማንም ብር አትክፈሉ።

እኔ ስዊድን ስገባ ቋንቋውን እንደጨረስኩ ኮሙኑ፣ ማለትም የአካባቢው አስተዳደር፣ ከአንድ የትምህርት አማካሪ ጋር ቀጠሮ ያዘልኝ። አንድ ሰዓት ሙሉ ተቀመጠች፣ የት እንዳቆምኩ ጠየቀችኝ፣ ከዚያ ስንት ትምህርት እንደቀረኝና በምን ቅደም ተከተል እንደምወስደው በወረቀት ጽፋ ሰጠችኝ። በዚያ ወረቀት ነው በሠላሳ አራት ዓመቴ ኮምቩክስ የሚባለው የጎልማሶች ትምህርት ቤት ገብቼ ረዳት ነርስ የሆንኩት። ምንም አልከፈልኩም። አገሬ ያንን ያህል ገንዘብ የላትም፣ ይገባኛል። ግን አንድ ወንበርና «የት ነው ያቆምሽው?» ብሎ የሚጠይቅ አንድ ሰው ስንት ብር ይፈጃል?

ያ ሰው ደግሞ አለ። በዘጠነኛው ቀን፣ ተስፋ ቆርጠን፣ የማታ ክፍል ያለው አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ሪከርድ ክፍል በቀጥታ ገባን። ጠና ያሉ ሴት ናቸው፣ ጠረጴዛቸው ላይ እስክሪብቶው በሲባጎ ታስሯል። «ነይ የኔ እናት፣ ቁጭ በይ። ስንተኛ ላይ ነው ያቆምሽው?» አሏት። እህቴ ማልቀስ ጀመረች። በአሥር ደቂቃ ሁሉንም ነገሩን፦ ስምንተኛ መግባት ትችላለች፤ የሚያስፈልገው ከቀድሞው ትምህርት ቤት ማኅተም ያለበት መሸኛ፣ የሰባተኛ ካርድ፣ መታወቂያና ሦስት በአራት የሆነ ሁለት ፎቶ ነው። ዓመቱ ሲያልቅ እንደ ቀን ተማሪው ሚኒስትሪ ትፈተናለች። ከኋላችን ለቆመ ልጅም ሳይሰለቹ አስረዱት፦ በእጅ ሙያ ያለው ሰው ኮሌጅ ባይገባም የብቃት ምዘናውን፣ ሲኦሲውን፣ ተፈትኖ ወረቀቱን መያዝ ይችላል። ልጁ የአሥረኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና መቅረቱን ሳያውቅ ለዚያ ሊመዘገብ ነበር የመጣው።

መሸኛው አስፈራኝ። ደሴ በ2014 ጦርነት ብዙ ነገር የጠፋባት ከተማ ናት። እኔ ልሄድ አስቤ መንገዱን ፈርተው ዘመዶች ከለከሉኝ፤ የእናቴን መቃብርም ሐይቅንም ሳላይ ተመለስኩ። የአጎታችን ልጅ ትምህርት ቤቱ ሄደ። የ2003ን ሮስተር፣ የተማሪዎቹን የውጤት ዝርዝር፣ ከተደራረቡ መዝገቦች ሥር አውጥተውለት ስሟ ተገኘ። ፎቶውን በቴሌግራም ላከልን፣ ዋናውን በሰው።

ስለዚህ የምላችሁ፦ መጀመሪያ መሸኛውን አስጨርሱ፣ ከክፍለ ሀገር ከሆነ ሳምንታት ይፈጃል። ከዚያ ጽሕፈት ቤት ለጽሕፈት ቤት ሳትንከራተቱ የማታ ክፍል ያለበት ትምህርት ቤት ሪከርድ ክፍል ሂዱ። «ጎልማሶች» ብላችሁ አትጠይቁ፣ «የማታ» በሉ።

ትምህርቱ ከ11:30 በኋላ ነው፤ ኬክ ቤቱ ቀድማ እንድትወጣ ፈቅዶላታል። መስከረም መጨረሻ ላይ ደብተሯን ፎቶ አንስታ ላከችልኝ፣ ሒሳብ ነው፣ ክፍልፋይ። ሁለተኛዋ ጥያቄ ላይ ተሳስታ ነበር፤ ከሥራ እንደወጣሁ ደውዬ አብረን ሠራናት።