የባትሪ ድንጋይና ቻርጀር፦ የትኛውን ከየትኛው?

ባለፈው ክረምት 9900 የሚል ቁጥር የተጻፈበት ድንጋይ ገዛሁ። ሻጩ «እንኳን ለሌሊት ለሳምንትም ይበቃሃል» ብሎኝ ነበር። መብራት በሄደ በመጀመሪያው ማታ፣ ራት ሳይቀርብ ደብዝዞ ድርግም አለ።

ከመቀጠሌ በፊት አንድ ነገር እናጥራ። እኛ ጋ የእጅ መብራቱም «ባትሪ» ነው፣ ውስጡ የሚገባውም «ባትሪ» ነው። እንዳንደናገር መብራቱን ባትሪ፣ የሚገባውን ደግሞ ድሮ እንደለመድነው ድንጋይ እላለሁ።

አሁን ገበያ ላይ በብዛት ያሉት ቻርጅ የሚደረጉ የሊትየም ድንጋዮች ሁለት ናቸው፦ 18650 እና 21700። ቁጥሩ መጠኑን ነው የሚናገረው። የመጀመሪያው ውፍረቱ 18 ሚሊሜትር፣ ርዝመቱ 65 ነው። ሁለተኛው 21 በ70። መጨረሻ ላይ ያለችው ዜሮ ክብ መሆኑን ትነግርሃለች። 21700 ወፍራም ስለሆነ ወደ 5000 ሚሊአምፕ-ሰዓት (የሚይዘው የኤሌክትሪክ መጠን ነው) ይይዛል። 18650 ግን አሪፍ የሚባለው እንኳ 3500 አካባቢ ላይ ያበቃል። 18650 ላይ 5000፣ 6800 ወይም 9900 ተጽፎ ካየህ፣ ዋጋ ሳትጠይቅ እለፈው።

የኔን 9900 ወርቅ ቤት የሚሠራ ጓደኛዬ ጋ ወሰድኩት። ሚዛኑ ላይ አስቀመጠው፦ 29 ግራም። ከሞተ ላፕቶፕ ያወጣሁትን አሮጌ ድንጋይ ከጎኑ መዘንነው፦ 46 ግራም። ጓደኛዬ ሳቀና «ይሄ እንኳን ወርቅ፣ ነሐስም አይደል» አለኝ። እውነተኛ 18650 ከ44 እስከ 50 ግራም ይመዝናል፣ 21700 ደግሞ 70 ገደማ። እንዲህ ቀለው የተገኙትን ሰዎች ከፍተው ሲያዩ፣ ከትልቁ ቆርቆሮ ውስጥ ትንሽ ድንጋይና ዱቄት የመሰለ መሙያ አግኝተዋል። አንተ ግን አትክፈት፣ እሳት ሊነሳ ይችላል። ሚዛኑ ይበቃል።

ከላፕቶፕ የወጣውስ? ርካሽ ነው፣ ምናለሽ ተራን ለሚያውቅ ደግሞ አይጠፋም። ግን ስንት ዓመት እንደሠራ አይታወቅም፣ መከላከያ ሰርኪትም የለውም። ቮልት መለኪያ ካለህና ነገሩን የምታውቅ ከሆነ ሞክር። ለእናትህ ቤት ግን አትላክ።

እውነተኛውን አገኘህ እንበል። እዚህም ሁለት ዓይነት አለ። ሳምሰንግ 35ኢ 3500 ሚሊአምፕ-ሰዓት ይይዛል፣ ሳያቋርጥ የሚሰጠው ግን 8 አምፔር ነው። 30ኪው የሚባለው ወንድሙ የሚይዘው 3000 ብቻ ቢሆንም 15 አምፔር ይሰጣል። ባትሪህ መኪና መብራት የሚያክል ጨረር የሚተፋ ካልሆነ የመጀመሪያው ይሻልሃል፣ ብዙ ሰዓት ያበራል። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ ባትሪው አንድ አምፔር ከሳበ፣ 3500 ያለው ሦስት ሰዓት ተኩል አካባቢ ይሄዳል።

ከዚያ ደግሞ መከላከያ ያለውና የሌለው አለ። መከላከያ ያለው ታች በኩል ትንሽ ሰርኪት አለው። ከልክ በላይ ሲሞላ፣ ከልክ በላይ ሲራገፍ ወይም ሾርት ሲያደርግ ራሱ ይቆርጣል። እኔ ለቤት የምመርጠው ይሄንን ነው። ችግሩ ርዝመቱ ነው፦ 65 የነበረው ወደ 70 ሚሊሜትር ይጠጋና የአንዳንድ ባትሪ ክዳን አልዘጋም ይላል። ስትገዛ ባትሪውን ይዘህ ሂድ። መከላከያ ያለውም የሌለውም ላስቲኩ ከተቀደደ አትጠቀምበት። ዙሪያው በሙሉ ኔጌቲቭ ስለሆነ፣ ኪስ ውስጥ ከቁልፍ ጋር ከተነካካ ጭን ያቃጥላል።

ወደ ቻርጀሩ እንምጣ። ሰው ለድንጋዩ ገንዘቡን ይጨርስና ቻርጀሩን በምርቃት ይወስዳል። እኔ ተቃራኒውን ነው የምመክረው፣ መጀመሪያ ቻርጀሩን ግዛ። ሊትየም 4.2 ቮልት ላይ ሲደርስ መቆም አለበት። ጥሩ ቻርጀር መጀመሪያ እኩል አምፔር ይሰጣል፣ 4.2 ላይ ሲደርስ ቮልቱን ይዞ አምፔሩን ቀስ እያለ ይቀንሳል፣ ከዚያ ይቆርጣል። ግድግዳ ላይ በቀጥታ የሚሰካው፣ አንድ ድንጋይ ብቻ የሚይዘው ርካሽ ዕቃ አንዳንዴ መቁረጡን ይረሳዋል። አረንጓዴ ስላበራ ብቻ አትመነው። አንዴ ሞልቶ ሲወጣ በመልቲሜትር ለካው፦ 4.15 እስከ 4.20 ካሳየ ጤነኛ ነው። 4.25 እና ከዚያ በላይ ካሳየ ቻርጀሩን ጣለው።

ባትሪው ራሱ ላይ የቻርጅ ቀዳዳ ያለውስ? ምቹ ነው፣ ገመድ ብቻ ይበቃል። ግን ቀዳዳው የተላቀቀ ዕለት፣ ሌላ ቻርጀር ከሌለህ፣ ባትሪህ ጌጥ ሆኖ ይቀራል።

የኔ ምርጫ ሁለት ድንጋይ የሚይዝ፣ ስክሪን ያለው፣ በዩኤስቢ የሚሠራ ቻርጀር ነው። ኤክስታርና ናይትኮር እንዲህ ያሉ ይሠራሉ። በዩኤስቢ መሆኑ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። መብራት ጠፍቶ ሁለት ቀን ቢቆይ በፓወር ባንክ ወይም በትንሽ ሶላር መሙላት ትችላለህ። ፍጥነቱንም እይ። በ500 ሚሊአምፕ የሚሞላ ከሆነ 3500ውን ድንጋይ ሰባት ስምንት ሰዓት ያስጠብቅሃል። መብራት ለሦስት ሰዓት ብቻ በሚመጣበት ሰፈር ይሄ ቀልድ ነው። 1 አምፔር ለ18650፣ 2 አምፔር ለ21700 ያስኬዳል።

ሌሊቱን ሙሉ ሲዞር ለሚያድር ዘበኛ 21700 ስጠው፣ ክብደቱን ይችለዋል። ለቤትና ለመንገድ 18650 ይበቃል። ሬዲዮና ግድግዳ ሰዓት ያላቸው አዛውንት ቤት ደግሞ ሊትየም አታስገባ። ኤንአይኤምኤች የሚባለው፣ ሊትየም ያልሆነው ቻርጅ የሚደረግ ተራ ድንጋይ (AA) 1.2 ቮልት ስለሆነ ምንም አያበላሽም። 14500 የሚባል ሊትየም ግን ከተራው ድንጋይ ጋር ቁመናው አንድ ነው፣ ቮልቱ 3.7 ነው። ሰዓቱ ውስጥ ከገባ ሰዓቱን ያቃጥለዋል።

ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለህ ድንጋዩን አስልክ፣ ነገር ግን አስቀድመህ ደውል። ትርፍ የሊትየም ድንጋይ በአውሮፕላን ሆድ ውስጥ በሚጫን ሻንጣ አይሄድም፣ በእጅ ሻንጣ ብቻ ነው። እያንዳንዱም በፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ ወይም ጫፉ በፕላስተር ተሸፍኖ። አክስቴ ባለፈው ትልቁ ሻንጣ ውስጥ ከሽቶና ከጫማ ጋር ልታጭቀው ስትል ነበር የደረስኩባት።