ክሩ ተበጠሰ፣ ዜማው ግን አልቆመም

ከአዳራሹ ከወጣሁ ሁለት ሰዓት አልሞላኝም። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው።

"ኢመርሲቭ" የሚባለው፣ ሙዚቃና ምስል ተመልካቹን ከየአቅጣጫው የሚከቡበት ኮንሰርት ነበር። አይነታቸውን ታውቁታላችሁ። ኮራ (የምዕራብ አፍሪካ ባለ ክር መሣሪያ)፣ ኡድ (የዓረቡ ዓለም ባለ ክር መሣሪያ) እና ታብላ (የህንድ ከበሮ) በአንድ መድረክ፣ ግድግዳው በሙሉ ስክሪን፣ ጨለማ፣ ጭስ፣ "ስልክዎን ያጥፉ"። ማስታወቂያው እያንዳንዱ ምስል ከድምፁ ጋር እዚያው ይወለዳል ይላል። አመንኩ። ታብላ የምትማረውን ታናሽ እህቴንም ይዤ ሄድኩ።

መጀመሪያ ላይ በእውነት ደስ ይል ነበር። የኡዱ ክር በተመታ ቁጥር ግድግዳው ላይ ወርቃማ ክብ ይፈነዳል፣ እየሰፋ በጣሪያው ያልፍና ከኋላችን ይጠፋል። እህቴ እጄን ጭምቅ አድርጋ ይዛኝ ነበር።

ከዚያ አንዱ የኡድ ክር ተበጠሰ። ሁለተኛው ረድፍ ላይ ስለነበርን በደንብ አየሁት። ክሩ ተፈናጥሮ የተጫዋቹን እጅ መታው። ሰውየው ደንግጦ እጁን አነሳ። ዜማው ግን አልቆመም። ኡዱን ማንም ሳይነካው ድምፁ ቀጠለ። ወርቃማዎቹ ክቦችም ምቱን ጠብቀው አንድ በአንድ ፈነዱ። ሰውየው ወደ ጎን ገልመጥ አለና ጣቶቹን መልሶ ማንቀሳቀስ ጀመረ። እህቴ "እንዴ፣ ማን ነው የሚጫወተው?" አለችኝ። ምን ልበላት?

ለካ ሁሉም ፕሌይባክ፣ አስቀድሞ የተቀዳ ነው። ምስሉም ጭምር።

የሚያንገበግበኝ ምልክቱ ፊቴ ላይ እያለ አለማየቴ ነው። ኮራ 21 ክር አለው። ኡድ ደግሞ በፒያኖ ሁለት ቁልፎች መካከል የሚወድቁ ድምፆች አሉት። እንዲህ ያሉ መሣሪያዎች አብረው እንዲገጥሙ ተጫዋቾቹ መደማመጥ፣ መቃኘት፣ እንደገና መቃኘት አለባቸው። እነዚህ ግን ምሽቱን ሙሉ አንዴም ክር ሲቃኙ አላየሁም። አንዱ ወደ ሌላው ዞር ብሎ እንኳ አላየም። ምስሉን እዚያው የሚያቀናብር፣ ቪጄ የሚባል ሰውም የትም አልነበረም። ከዚህ በፊት ባየኋቸው ጥሩ ሥራዎች ላይ ኮምፒውተሩ ከየማይክሮፎኑ የሚመጣውን ድምፅ ወፍራምና ቀጭን እያለ ይለያል፣ ቪጄው ደግሞ ምስሉን በእጁ ይመራዋል፤ አንድ ተጨማሪ ሙዚቀኛ ማለት ነው። ይሄን እያወቅኩ ነው የተሸወድኩት።

ሲያልቅ በሩ ላይ የቆመችውን ሠራተኛ ጠየቅኳት። ከላይ እስከ ታች አየችኝና "ኢመርሲቭ ማለት እኮ ስሜቱ ነው፤ እርስዎ ክር ሊቆጥሩ ነው እንዴ የመጡት?" አለችኝ። ገንዘቤን ስላት ትኬቱ ጀርባ ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ በጥፍሯ ነካ ነካ አደረገችልኝ። ከዚያ ወደ ጓደኛዋ ዞራ ሳቀች። እህቴ አጠገቤ ቆማለች።

ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ምስሉን የሚሠራው ማን እንደሆነ በስም ጠይቁ። የተጫዋቹ እጅና ስክሪኑ አብረው የሚታዩበት፣ ያልተቆራረጠ ቪዲዮ እንዲያሳዩአችሁም ጠይቁ። የእነሱ ማስታወቂያ ላይ ሁለቱም የሉም። የሚቀጥለው ዝግጅታቸው ትኬት ግን አሁንም እየተሸጠ ነው።