ታይትቦንድ ኦሪጅናል ለተሰነጠቀ የጊታር ራስ፦ የሚይዘውና የማይይዘው

ባለ ቀይ ምልክቱ የእንጨት ኮላ ታይትቦንድ ኦሪጅናል ንጹሕ ለሆነ፣ አፍ ለአፍ በደንብ ለሚገጥም ስንጥቅ የመጀመሪያ ምርጫችን ነው። ከዚህ በፊት ተጣብቆ እንደገና ለተከፈተ ስብራት ግን አንመክረውም። ይህ ኮላ የሚይዘው እንጨቱ ውስጥ ሰርጎ ነው። አሮጌ ማጣበቂያ ወይም ቅባት በሸፈነው ገጽ ላይ መስረጊያ የለውም፤ የራሱ የደረቀ ኮላ ላይ እንኳ አይይዝም።

የብዙ ጊታሮች ራስ (የክር ማጥበቂያዎቹ ያሉበት ጫፍ) ወደ ኋላ ስለሚያጋድል አንገቱ ጋ የእንጨቱ ቃጫ አጭር ሆኖ ተቆርጧል። የትረስ ሮዱ (አንገቱ ውስጥ ያለው ማስተካከያ የብረት ዘንግ) መፍቻ ጉድጓድም እዚያው ከተቦረቦረ የሚተርፈው እንጨት ስስ ነው። የአኩስቲክ ጊታር ቀጭን የብረት ክሮች እንኳ ተደምረው 70 ኪሎ ግራም ገደማ ይስባሉ። ስለዚህ ለጊዜው ይያዝ ተብሎ የሚደረግ ጥገና እዚህ ቦታ ላይ አይሆንም።

ክሮቹን ሁሉ አውልቁ፣ የትረስ ሮዱን ነት አላሉ። ቀጥሎ ኮላ ሳትጨምሩ በሞርሳ አስራችሁ ሞክሩት፤ ስንጥቁ ያኔ ካልገጠመ ኮላ አያስተካክለውም። ሲገጥም ፍቱና በሚከፈትበት አቅጣጫ በቀስታ ገፋ አድርጋችሁ ኮላውን በሲሪንጅ ጨምሩ። የጥርስ ክር ወደ ውስጥ ያደርሰዋል። ወፍሮ አልገባ ካለ እስከ 5 በመቶ ውኃ ይችላል፣ ከዚያ በላይ ይደክማል። በትረስ ሮዱ በኩል ግን ጥንቃቄ! ኮላ የዘንጉን ጥርስ ከያዘው ነቱ አይዞርም።

ብዙ ሥራ የሚበላሸው ሲታሰር ነው። ስንጥቁ ሰያፍ ስለሆነና ኮላው ስለሚያንሸራትት፣ ሞርሳው በአንዴ ሲጠብቅ የጊታሩ ራስ ወደ ጎን ይሸሻል። መጀመሪያ ለስለስ አድርጋችሁ እሰሩ፣ መጋጠሚያውን በጥፍር ዳብሱ፣ ከዚያ አጥብቁ። ከፊት ጠፍጣፋ እንጨት፣ ከኋላ የአንገቱን ቅርጽ የያዘ እንጨት ከቆዳ ጋር፣ በእንጨቶቹና በጊታሩ መሐል ቀጭን ላስቲክ። ሁለት ወይም ሦስት ሞርሳ ይበቃል። በስንጥቁ ርዝመት ሁሉ ኮላ ብቅ ካለ በቂ ነው፤ ሳይደርቅ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት፣ ካለዚያ ቦታው ቫርኒሽ አይቀበልም። ይህን ሁሉ ለመጨረስ 5 ደቂቃ ገደማ ነው ያላችሁ፤ ሁሉንም አጠገባችሁ አዘጋጁ። ከ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ቅዝቃዜ ውስጥ አትሥሩ፣ ኮላው ነጭ ዱቄት ሆኖ ይቀራል።

ግማሽ ሰዓት ላይ የያዘ ይመስላል፤ አትመኑት። 24 ሰዓት በሞርሳው ይቆይ፣ ክር ከመወጠራችሁ በፊት ሌላ አንድ ሁለት ቀን ጨምሩ።

ታይትቦንድ II እና III ውኃ ይቋቋማሉ፣ ጊታር ግን ያንን አይፈልግም። ኦሪጅናሉ በሙቀት ይለሰልሳል፤ ጠጋኝ ኋላ ሊፈታው መቻሉ ትልቅ ጥቅሙ ነው። ፀሐይ በሚያቃጥለው መኪና ውስጥ ለተተወ ጊታር ግን ያው ባሕርይ አደጋ ነው። ሱፐር ግሉ ማስተካከያ ጊዜ አይሰጥም፣ ሲመታም ይሰበራል። ስንጣሪ ወድቆ ክፍተት ከቀረ ኢፖክሲ ይሻላል። የጊታሩ ራስ ጨርሶ ከተለየና የሚጣበቀው ገጽ አጭር ከሆነ የትኛውም ኮላ ብቻውን አይበቃም፤ በአንገቱ ቁመት ቦይ አውጥቶ ጠንካራ የእንጨት ቅጣይ መቅበር ያስፈልጋል፣ ይህም የሠለጠነ እጅ ይጠይቃል።